ደኑ የት ሲሆን ነው ገንዘብ የሚሆነው?

(ለተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎችና ለጥቂት እንግዶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ የአፍ ወጉን ግን ብዙ አልነካሁትም። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ሰዓቱ ስለሄደ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከቡና አካባቢ የመጣችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡ። ደህና። 74110 ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አለ? ትክክል፣ ቡና ነው። ሲዳማ ብትሄዱ፣ ጌዴኦ ብትሄዱ፣ ጉጂ ብትሄዱ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ገበሬ አታጡም። ችግኝ ጣቢያ ላይም የሚጠራው በቁጥሩ ነው። ታሪኩ ደግሞ እንዲህ ነው።

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፍሬውን ገና ለጋ ሳለ አጥቁሮ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። ብዙ ማሳ በለቀማ ሰዓት ባዶውን ቀረ። የጅማ ተመራማሪዎች መፍትሔውን የፈለጉት ጫካ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር እሱ ምንም ሳይሆን የቆመ እግር ቡና አለ ወይ እያሉ የደቡብ ምዕራብን ወረዳዎች አሰሱ። 74110 የተገኘው በ1974 መቱ አጠገብ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዓመቱ ነው። 74112ም ከዚያው ሰፈር የመጣ ወንድሙ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያ ደን በዚያን ጊዜ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ዛፎች አይገኙም ነበር። ዛሬ ከእነሱ የሚለቀመው ቡና ታጥቦ፣ ተቀሽሮ፣ በጆንያ ተሞልቶ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ዶላር ይሆናል። ከዚያ ዶላር ላይ ለቢሻሪ ደን ተብሎ የሚቆረጥ ሳንቲም ግን የለም። ከእንዲህ ያለው ጥቅም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል የሚለው የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ራሱ የወጣው በ2006 ነው። ቡናው ከተገኘ ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለዚህ ነው። ደን ጥቅም አለው የሚለውን ለእናንተ አልሰብክም፤ ለፈተና ሸምድዳችሁታል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ጥቅም አንዱ ቦታ ላይ ገንዘብ ሆኖ ሰው ኪስ ሲገባ ሌላው ቦታ ላይ ለምን እዚያው ጫካ ውስጥ ይቀራል? መልሱ ደኑ ሀብታም ስለሆነ ወይም ድሃ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም አገራችን ውስጥ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ደኑ በበለጸገበት ሰዉ ብዙም አልተጠቀመበትም፤ ደኑ በተራቆተበት ደግሞ ገንዘብ መጣ።

አንድ ቁጥር ልስጣችሁና ቁጥር ለጊዜው ይበቃናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር ባሠራው ጥናት፣ በ2012/13 በጀት ዓመት ደን ለኢትዮጵያ ያስገኘው ጥቅም 111.2 ቢሊዮን ብር ተብሎ ተሰልቷል። ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 12.86 በመቶ መሆኑ ነው። በመደበኛው የኢኮኖሚ ሂሳብ ላይ ለደን የሚጻፈው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከተሰላው ውስጥ ብዙው በደን ስም የማይመዘገብ ጥቅም ስለሆነ ነው። አፈር መያዙ፣ ውኃ ማዝለቁ፣ የንብ ሥራው። እውነተኛ ጥቅም ነው። ግን ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም።

አሁን ሁለት ቦታ ላወዳድር። አንደኛው ቦንጋ ነው፣ ካፋ። ሁለተኛው አገው ምድር፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው ፋግታ ለኮማ ወረዳ። ይህን ሁለቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ስለ ደን ገቢ ሲወራ ሁሌ «መንገድ የለም፣ ገበያ ሩቅ ነው» የሚባል ነገር አለ። እሺ፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ በግምት 450 ኪሎ ሜትር ነው የሚርቁት። አንዱ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሌላው በስተደቡብ ምዕራብ። ሁለቱም ጋ አይሱዙ ይደርሳል።

ፋግታ ለኮማ ላይ ያለው ዛፍ የአገራችን እንኳ አይደለም። ዲከረንስ ይሉታል ሰዎቹ፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ነው። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ምርት እምቢ ሲል ገበሬው አንድ ዘዴ ዘየደ። ጤፉን ሲዘራ የዲከረንስ ችግኝ አብሮ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል። በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ሣር አጭዶ ለከብቱ ይሰጣል ወይም ይሸጣል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ይቆርጣል። የሚያከስሉት ወጣቶች እዚያው ማሳው ላይ እንጨቱን ከምረው በአፈር ይደፍኑትና ቀን ከሌት እየጠበቁ ያከስላሉ። ጆንያው መንገድ ዳር ይደረደራል፣ መኪና ይመጣል፣ ደላላው ይከራከራል፣ ይጫናል። መሬቱ አርፎ ስለሰነበተ ደግሞ ተመልሶ ጤፍ ያበቅላል። የሳተላይት ምስል ላይ ወረዳው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶበታል፣ ልጅ ተምሮበታል። (በቅርብ ዓመታት ዋግ መሳይ በሽታ ገብቶበት ብዙ ጎድቷል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ዕዳው ይኸው ነው። ያ የራሱ ንግግር ይፈልጋል።)

ወደ ቦንጋ እንሂድ። የካፋ ደን ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። የአረቢካ ቡና የትውልድ አገር የሚባለው ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ያለውን የቡና ዘረመል ብቻ፣ የወደፊቱን ዋጋ ወደ ዛሬ በሚመልሱበት ስሌት ላይ ተመሥርቶ፣ ከ420 ሚሊዮን እስከ 1.458 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ማሩን፣ ኮረሪማውን፣ ጥምዙን፣ ውኃውን ሳይጨምር።

ሰውየው ግን ምን ይሸጣል? የጫካ ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ጀንፈሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ለሰብሳቢ ይሸጣል። ሰብሳቢው ጋ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ከጓሮ ቡና ጋር አንድ ላይ ይገለበጣል። አለቀ። ደኑ ለዘመናት የጠበቀው ነገር እዚያች ሚዛን ላይ ስሙን አጣ። ከዚያ በኋላ «የዱር ቡና ነው» ብሎ የሚጨምርለት የለም፤ ምክንያቱም የዱር መሆኑን ማሳየት አይቻልም። ለይቶ የሚረከብ ኅብረት ሥራና ከውጭ የሚገዛ ደንበኛ ያገኙ ማኅበራት የተሻለ ይሸጣሉ፤ እነሱ ግን ጥቂት ናቸው።

ወጪውም አለ። ደን አጠገብ ማረስ ማለት በቆሎ ሲደርስ ዝንጀሮና ከርከሮ መጠበቅ ማለት ነው። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ። ማሳው ጠርዝ ላይ ማማ ሠርቶ የሚያድረው አባወራው ነው፤ ቀኑን የሚጠብቁት ልጆች ናቸው፤ ትምህርት ቤት የሚቀሩትም እነሱ ናቸው። 1.458 ቢሊዮኑን ያሰላው ባለሙያ ይህን የት እንደጻፈው እንጃ።

እንግዲህ ርቀቱ እኩል ከሆነ ልዩነቱ ምንድነው? አንድ፣ የፋግታው ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር አለው። ዛፉ የሱ ነው። መቼ እንደሚተክል፣ መቼ እንደሚቆርጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት፣ የሚሸጠው ነገር አይሱዙ ላይ ይጫናል። የካፋው ሰው ደግሞ ደኑ የመንግሥት ነው። በማኅበር ከተደራጀ ቡናውን፣ ማሩን፣ ቅመሙን የመጠቀም መብት አለው፤ ትልቁ ዋጋ ግን መኪና ላይ አይጫንም። ዘረመል በጆንያ አይሸጥም።

እዚህ ላይ ስለ ሸካ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሸካ ውስጥ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ የታወቀ ክልል አለው፤ እዚያ ክልል ውስጥ ቀፎ የሚሰቅለው እሱ ነው። ሌላው ሰው ደኑን አቋርጦ ሊሄድ ይችላል፣ ቀፎ መስቀል ግን አይችልም። ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ያ ነጭ ማር ይገኛል። ሰውየው ያን የሚያህል ዛፍ በገመድ ይወጣል፣ ማሩን የሚቆርጠውም ሌሊት ነው፣ በጭስ። የማን ኮቦ የት እንደሚያልቅ አገሩ ሁሉ ያውቃል። መዝገብ ላይ ግን የለም። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን እንዲህ ያለ የባህል ይዞታ የሚጻፍበት ቦታ አላገኘም። ስለዚህ ባለሀብት ሻይ ወይም ቡና ሊያለማ ሲመጣ ውል ይዞ ይመጣል፤ ውሉን ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ብድር ያገኛል። ባለ ኮቦው ግን ለባንኩ የሚያሳየው ምን አለው? ቀፎ?

የማይጫነውን ነገር ለመሸጥ ሌላ መንገድ አለ፤ በወረቀት መሸጥ። የካርቦን ንግድ ማለት እሱ ነው፤ ዛፉ ከአየር ወስዶ የያዘው ካርቦን በቶን ተቆጥሮ ይሸጣል። እዚህ ጋ ደግሞ የክልሎች ልዩነት የባሰ አስገራሚ ይሆናል።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦን የሚያውቅ? ተራራው ተራቁቶ፣ ናዳና ጎርፍ ሰውን ያስቸገረበት ቦታ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከልክሎ እንዲያገግም አደረገ። አብዛኛው ችግኝ አይደለም የተተከለው። መሬት ውስጥ ያለው ጉቶ ገና ሕይወት ነበረው፤ ከብትና መጥረቢያ ሲቀርለት አቆጠቆጠ፤ ሰዎቹ ደካማውን ቅርንጫፍ እየመለመሉ ጠንካራውን አሳደጉ። በ2009 በኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚህ ስፋት ከተመዘገቡት የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነው። በዓለም ባንክ ሥር ያለ ፈንድ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ከገንዘቡ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ተሠራ። ማገዶም፣ የከብት መኖም ከዚያው ይሰበሰባል።

ጥሩ ሥራ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዚያ አሠራር ለመመዝገብ መሬቱ በ1989 መጨረሻ ላይ ደን ያልነበረበት መሆን ነበረበት። ሕጉ ነበር። ሁምቦ አለፈ፤ ተራቁቶ ነበራ! የካፋ ሰው አያቱ፣ አባቱ፣ እሱ ራሱ ደኑን ጠብቀው ስላቆዩት ወደዚህ በር ሊገባ አይችልም ነበር። ካርቦን ገበያ የሚከፍለው ለለውጥ ነው። ያልነበረ ሲኖር ይከፍላል። በኋላ የመጣው ሬድ ፕላስ ደግሞ ሊጠፋ የነበረ ሳይጠፋ ሲቀር ይከፍላል። አዲስ ያልበቀለ፣ ሊጠፋ ተቃርቦም የማያውቅ፣ ዝም ብሎ የተጠበቀ ደን ዋጋው ዝቅ ይላል። ለምን ይህን ያህል ያናድደኛል መሰላችሁ? ጠባቂውን የሚቀጣ ሂሳብ ስለሆነ ነው። የሂሳቡን ምክንያት እረዳለሁ፤ ገዥው ባይከፍልም ይሆን ለነበረ ነገር መክፈል አይፈልግም። ልክ ነው። ፍትሐዊ ነው ግን ማለት አይደለም።

ባሌ በሬድ ፕላሱ በኩል ገባች። እዚያ የደን ምንጣሮው የሚለካ፣ የሚታይ ነበር። የባሌው ፕሮጀክት ከ2012 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት 5.5 ሚሊዮን ቶን እንዳስቀረ ተረጋግጦለታል። ልብ በሉ፣ የተረጋገጠ ቶን ማለት የተሸጠ ቶን ማለት አይደለም፤ ገዥ መፈለግ ሌላ ትግል ነው። ከዚያ በክልል ደረጃ ትልቁ መጣ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው ውል ኦሮሚያ እስከ 2030 ለምታስቀረው 4 ሚሊዮን ቶን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። ቶኑ 10 ዶላር መሆኑ ነው።

ለምን ኦሮሚያ? ደኑ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቆጣሪው ስላለ ነው። የክልሉ የደንና ዱር እንስሳት ድርጅት አለ፣ ለዓመታት አብረው የሠሩ ማኅበራት አሉ፣ ካርታ አለ፣ መነሻ ልኬት አለ። ካፋና ሸካ ያሉበት የደቡብ ምዕራብ ክልል እንደ ክልል የተመሠረተው በ2021 ነው። ገና ቢሮውን እያደራጀ ያለ ክልል በቶን ተዋውሎ በቶን ማስረከብ አይቀናውም። ደኑ እዚያ ነው፤ ወረቀቱ እዚህ ነው።

ውኃውን ቶሎ ልለፈው፤ ታሪኩ አጭር ስለሆነ። የገናሌ ወንዝ ምንጮች ባሌና ሲዳማ ደጋ ላይ ናቸው። ገናሌ ዳዋ ሦስት 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፤ በ2020 ተመርቋል። የመብራት ሂሳባችሁን አውጥታችሁ እዩት። ለምንጩ ደን የሚል መስመር የለበትም። አርባ ምንጭ ከተማ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ የምትጠጣው ከደኑ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ነው፤ ከዚያው ደን እንጨት ተሸክመው የሚወጡ ሴቶችም አሉ። ከተማዋ ውኃውን በቧንቧ፣ ማገዶውን በሸክም ከአንድ ደን ትወስዳለች።

አሁን ደግሞ ቆሞ የሚሸጥ ዛፍ፤ እጣን። ይኸኛው የኔን መከራከሪያ ለብቻው ይዞ መቆም ይችላል። መተማና ቋራ ቆላ ውስጥ ያለው የእጣን ዛፍ ሳይቆረጥ ነው ገንዘብ የሚያመጣው። ሠራተኛው ሜንጋፍ በሚሏት ስለታም መሣሪያ ግንዱን ስስ አድርጎ ይልጠዋል። ነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ ይወጣል፣ አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፣ ቁስሉን ትንሽ ያሰፋዋል። እንዲህ እያለ በጋውን ሙሉ። አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ውጭ አገር ይሸጣል፣ ዛፉም አይቆረጥም። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ዛፉ ግን እያለቀ ነው። በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት በብዙ ቦታ ወጣት ዛፍ ለአሥርት ዓመታት አለመተካቱን አሳይቷል፤ እንዲህ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል ብሏል። እሳት አለ፣ ከብት አለ፣ ከልክ በላይ መላጥም አለ። ከጀርባው ያለው ይዞታ ነው። ቦታው ለኩባንያ በውል ይሰጣል። ኩባንያው በወቅቱ ሠራተኛ ከደጋ ያመጣል፣ ካምፕ ያሰፍራል፣ በኪሎ ይከፍላል። ነዋሪው ከብቱን ያሰማራበታል እንጂ እጣኑ ላይ ድርሻው ትንሽ ነው። ሠራተኛው በኪሎ ስለሚከፈለው ብዙ ቢያቆስል ይጠቀማል። ኩባንያው የሚቀጥለው ውል የሱ ይሁን የሌላ አያውቅም። ታዲያ ችግኙን ከፍየል የሚጠብቀው ማነው?

ቦረናና ሶማሌ ብትወርዱ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ በብዛት ዛፉን አይልጡትም፤ ራሱ ያወጣውን ሙጫና ከርቤ እረኞች፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ ከብት እያገዱ ይለቅማሉ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ግን ድርቅ መጥቶ ወተት ሲጠፋ እህል የሚገዛው በዚያ ነው። ገንዘቡ ያንሳል፤ የሚገባው ግን ዛፉ አጠገብ በሚኖረው ሰው እጅ ነው። ዛፉም አይቆስልም። እኔን ምረጥ ብትሉኝ መተማ የቦረናን ባለቤትነት፣ ቦረና የመተማን ገበያ ብታገኝ እላለሁ።

ስለ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ትጠይቁኛላችሁ፣ አውቃለሁ። አጭር መልሴ፦ ተዉአቸው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ እነሱ የቀሩት ማንም ዋጋ ስላላወጣላቸው ነው። የድንጋይ አጥር ይሠራላቸው፣ ከብት አይግባባቸው፤ ከዚያ ውጭ ሁሉ ነገር በብር መተመን አለበት የሚል ሃይማኖት የለኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት ነገር ብቻ። የ2018ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን እንደ ባለቤትነት ዓይነት አውቋል፤ የበፊቱ አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው። እዚያ አዋጅ ላይ ያለው መብት ቀበሌ ወርዶ፣ ወሰኑ ተለክቶ፣ ደብተር ሆኖ ሰው እጅ ይግባ። ኮቦም አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛው በጀት ነው። ሕንድ ከ2015 ጀምሮ ለክፍላተ አገሮቿ በምታከፋፍለው ግብር ቀመር ውስጥ ለደን ሽፋን 7.5 በመቶ ክብደት ሰጠች፤ በኋላ ወደ 10 ከፍ አደረገችው። ገዥ አልፈለገችም፣ ቶን አልቆጠረችም፣ ሊጠፋ ነበር ወይ ብላ አልጠየቀችም። የቆመ ደን ካለህ ድርሻህ ይጨምራል። በቃ። እኛም አገር በፌዴራል ድጎማ ቀመሩ ላይ የቆመ ደን የራሱ ግልጽ ክብደት ቢኖረው፣ ካፋና ሸካ ስለጠበቁ የሚከፈላቸው የመጀመሪያው መንገድ ይሆናል።

ከአዳራሹ የቀረበልኝን አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንዲት ተማሪ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ገንዘቡ ክልል ሲደርስ መኪና ይገዛበታል እንጂ ባለ ቀፎው ጋ ይደርሳል?» ተሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። የኦሮሚያው ውል የጥቅም ክፍፍል ዕቅድ አለው፤ ትልቁ ድርሻ የማኅበረሰቡ ነው። በጀት ላይም እንዲሁ ተቆርጦ መጻፍ አለበት። እናንተ ነገ ወረዳ ስትመደቡ ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ማኅበሩ በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ አለው? ፈራሚዎቹስ ደኑ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው ወይስ ከተማ? መልሱ «ሒሳቡ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል ነው» ከሆነ፣ ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።